የብረትም ቢሆን ፈልግ፦ ሰባት ቀን ለአንድ ቀለበት

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጃኬቴ ውስጥ ትንሽ ቀይ ሣጥን ይዣለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ጥንድ የወርቅ ቀለበት አለ። 18 ካራት፣ ልሙጥ፣ ፈርጥ የሌለው።

የአክስቴ ልጅ የፊታችን ረቡዕ ደሴ ላይ ኒካህ ያስራል። ከወር በፊት ደውሎ "አንተ ሸገር ነህ፣ በዚያ ላይ ሥራህ ነው፤ ጥንድ ቀለበት ይዘህልኝ ና" አለኝ። ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የሙሽራ ጣት ሳነሳ ኖሬያለሁ። ስለ ቀለበት ያገኘሁትን ሁሉ የማንበብ አባዜም ከዚያው የመጣ ነው።

ጣርማ በር ዋሻ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬቱ ወለቀ። ከሚሴ ምሳ በላን። ኮምቦልቻን አልፈን የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን አለ። ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ጃኬቱ ተመልሶ ተለበሰ።

አክስቴ ቤት ገብቼ እንጀራ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሣጥኑን አወጣሁ። የአክስቴ ባል መነጽራቸውን አደረጉ። ትልቁን ቀለበት አንስተው ወደ አምፖሉ ዞሩ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሙሽራው ነው አባባ።"

"ወርቅ ነው?"

"18 ካራት!" አልኩ በኩራት።

ቀለበቱን ቀስ አድርገው ሣጥኑ ውስጥ መለሱት። "አበጀህ ልጄ፣ ደክመሃል። ግን እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ወርቅ አያደርግም።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን አላውቅም እንዳልል እናቴ ከዚህ ቤት የወጣች ናት። ክርስቲያን አግብታ እኔን ወለደች፤ ወሎ ነውና ማንም አልደነቀውም። ስንት ኒካህ አንስቻለሁ፤ ወንዱ ብር፣ ሴቷ ወርቅ። ወርቅ ቤት ስገባ ግን ጭንቅላቴ "ጥንድ" የሚለውን ብቻ ይዞ ገባ። ሙሽራው በሳቅ ፈረሰ። "እኔ ጥንድ አልኩ እንጂ ወርቅ መች አልኩ?"

የገዛሁበት ቤት ደወልኩ። የተሸጠ አይመለስም፤ ከፈለግኩ እንደ አሮጌ ወርቅ በግራም ይገዙኛል። ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ

ጠዋት የጦሳ ተራራ ራሱ ላይ ደመና ጠምጥሟል። ከጁምዓ በኋላ ከሙሽራው ጋር ፒያሳ ወጣን።

የወንድ የብር ቀለበት ብለን የጠየቅንበት ቤት ሁሉ "አለ" ይሉና ትሪ ያወጣሉ። አብዛኛው ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ውስጡ ላይ 925 የሚል ማህተም አለው። ከሺህ እጅ 925ቱ ብር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቤት ያለችው ልጅ ጨዋታ አዋቂ ናት። ሁለት እጆች ልብ ይዘው፣ ልቡ ላይ ዘውድ የተደፋበት ቀለበት አወጣች።

"ይሄ የንጉሥ ነው" አለች።

የንጉሥስ አይደለም፤ የዓሣ አጥማጆች ነው። ክላዳ ይባላል፤ አየርላንድ ውስጥ ጎልዌይ ከተማ ጥግ ያለች የአጥማጆች መንደር ስም ነው። ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። እጆቹ ወዳጅነት፣ ልቡ ፍቅር፣ ዘውዱ ታማኝነት ናቸው። አስተሳሰሩ ራሱ ይናገራል። በቀኝ እጅ የልቡ ጫፍ ወደ ውጭ ከሆነ ሰውየው ነጻ ነው። በግራ እጅ ጫፉ ወደ ራሱ ከዞረ አግብቷል። ይህን ስነግራት አፏን ያዘች። "ወይኔ! ስንቱን ባለትዳር ገልብጬ አስሬዋለሁ!"

ከጎኑ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ብቻ ያሉበት ነበር። ይሄ ከሮማውያን የመጣ ነው። እነሱ ዘንድ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ መጨባበጥ የጋብቻ ምልክት ነበር። ጣሊያኖች በኋላ "ፌዴ" አሉት፤ እምነት ማለት ነው። ከዚህ ዘር በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ ብልህ ቀለበት ወጣ። ሁለት ቀጭን ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ተጠላልፈው አንድ ይሆናሉ። ሲተጫጩ ለያይተው አንዱን እሱ፣ አንዱን እሷ ያደርጋሉ። የሰርጉ ዕለት ይገጠማል። እንደዚህ ዓይነቱን ባገኝ ዓይኔን ሳላሽ እገዛ ነበር።

ልጅቷ አራት ሽቦ የተቆላለፈበትንም አሳየችን። "የቱርክ ነው፤ ከወለቀ ይፈርሳል፣ መልሶ ለመግጠም ጭንቅ ነው።" ይህን ደግሞ ከነተረቱ አውቀዋለሁ። ባል መንገድ ሲሄድ ለሚስቱ ያስርላታል አሉ፤ ካወለቀችው ተበታትኖ ያጋልጣታል። እኔ አልወደውም። ቀለበት ነው ካቴና?

"በግራ ነው በቀኝ የምታስረው?" ስትለው ሙሽራው ወደኔ ዞረ። ጥንት የሮማ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ጽፈዋል። ግብጾች የሰው ገላ ሲከፍቱ ከግራ እጅ የቀለበት ጣት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ልብ የሚገባ ቀጭን ጅማት አገኙ ይላሉ። በኋላ ዘመን "የፍቅር ሥር" ተባለ። ሐኪም ብትጠይቀው ይስቅብሃል፤ የሁሉም ጣት ደም ሥር አንድ ዓይነት ነው። ደግሞም ጀርመኑ፣ ፖላንዱ፣ ሩሲያውና ግሪኩ የጋብቻ ቀለበቱን በቀኝ ነው የሚያስረው። የአይሁድ ሙሽራ ደግሞ ሥርዓቱ ላይ የሙሽሪትን ቀኝ ሌባ ጣት ይመርጣል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊ ያገባች የኛ ልጅ ሰርግ አነሳሁ። አልበሙ ሲደርሳቸው አጎቷ ደወሉልኝ፤ "ፎቶውን ገልብጠህ አትመኸዋል፣ ቀለበቱ በቀኝ እጇ ላይ ነው።" ግማሽ ሰዓት አስረድቼም ያመኑኝ አልመሰለኝም።

የሚያብለጨልጭ ድንጋይ የተደረደረበት ትሪ ላይ ብዙ አልቆየንም። አልማዝ ለእጮኛ መስጠት ሲነሳ የኦስትሪያው መስፍን ማክሲሚሊያን ለቡርጎኝዋ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1477 የሰጣት ቀለበት ሁሌም ይጠቀሳል። ሕዝብ ላይ የወረደው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአልማዝ ነጋዴ ማስታወቂያ ነው፤ "አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የሚለው መፈክር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። እንደ አባት ወግ የምናየው ነገር ዕድሜው ከአክስቴ ብዙ አይርቅም።

ሙሽራው ሃያ ያህል ለካ። አንዱንም አልወሰደም። "ሁሉም የሌላ ሰው ይመስለኛል" አለ ስንወጣ።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የትም አልሄድንም።

አክስቴ ቡና አፈላች። አቦሉ ሲቀዳ ባሏ ወሬ ጀመሩ። አንድ ደሃ ሰው ሴት ሊያገባ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረበ። ምን ትሰጣታለህ ተባለ። ምንም የለኝም አለ። "ሂድና ፈልግ፣ የብረት ቀለበትም ቢሆን" አሉት። ሄዶ ፈልጎ የብረትም አጥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ከቁርኣን በቃሉ ባጠናው ነገር አጋቡት።

"ስለዚህ ልጄ" አሉ ወደኔ ዞረው፣ "በወርቁ አትዘን።"

ይህን ሲሉ ሮማውያን ትዝ አሉኝ። ፕሊኒ የሚባለው ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው ክፍለ ዘመን፣ በሱ ዘመን እንኳ ለእጮኛ የሚላከው የብረት ቀለበት እንደሆነ ጽፏል፤ ያውም ፈርጥ የሌለው። ወርቅ ሞልቶ በተረፈበት አገር! የአይሁድም ሕግ ቀለበቱ ልሙጥ እንዲሆን ያዛል። ምክንያቱ ደስ ይላል። ድንጋይ ካለበት ሙሽሪት ዋጋውን በትክክል ማወቅ አትችልም፤ የምታገባው ደግሞ ባወቀችው ነገር ላይ ተስማምታ ነው። ይህን ስነግራቸው አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ የነጋዴ ብልሃት ነው። ጥሩ ነው።"

ሦስተኛው ስኒ ላይ የአክስቴን ጣት አየሁ። ባዶ ነው። ልጅ ሆኜ የማውቃት የወርቅ ቀለበት ነበራት፤ ሊጥ ስታቦካ አውልቃ መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጣት።

"ቀለበትሽስ አክስቴ?"

ሳቀች። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ በአንድ ፌስታል ልብስ ወጡ። መንገድ ላይ ትፈተሻለሽ ስላሏት ቀለበቷን አወለቀች። በላስቲክ ጠቅልላ በርበሬ እንስራው ሆድ ውስጥ ቀበረችው። "በርበሬ ውስጥ እጁን የሚሰድ ሌባ የለም ብዬ" አለች። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ ቤቱ ተጠርጓል። ቀለበቱን ያገኘው ሰው የለም፤ የሄደው በርበሬው ከነእንስራው ነው።

"አሁን የማን ወጥ ውስጥ እንዳለ አላህ ይወቅ።"

ባሏም ሳቁ። ከዚያ ነብዩም ቀለበት እንደነበራቸው ነገሩኝ። ከብር የተሠራ፣ ለነገሥታት የሚላከው ደብዳቤ የሚታተምበት። ከሳቸው በኋላ ከከሊፋ ወደ ከሊፋ አለፈ። በዑስማን ዘመን አሪስ በሚባል ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ፈለጉት፣ ውሃውን ቀድተው ጨረሱት፤ አልተገኘም። "እሱም ጠፍቷል እኮ" አሏት ሚስታቸውን። አክስቴ ምንም አላለችም፤ ረከቦቱን ማንሳት ጀመረች።

እሁድ

አባባ ወሰኑ፦ "ድሮ ብር ከፈለግን ባቲ ነበር። ነገ ሰኞ ነው፣ ሂዱ።" ደሴም እኮ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አላት ብል "እሱ ስሙ ነው የቀረው" አሉኝ። ጉዳዩን ለደሴዎች ትቼዋለሁ።

ስንወርድ በአይጠየፍ በኩል አለፍን። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ። ስሙ ራሱ ግብዣ ነው፤ ማንም ማንንም አይጠየፍም። ንጉሡ ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሱ፣ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፣ ልጅ ኢያሱን ወለዱ። የኛ ቤት ድብልቅ አዲስ ነገር አይደለም።

ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቤት አደርን። ሙቀቱ ከደሴ በኋላ ገላ ይፈታል። ቦርከና ወንዝ ዳር ትንሽ ተንሸራሸርን፣ ቢራ ለኔ፣ ለስላሳ ለሙሽራው። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኞ

ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ አፋር ቆላ ስለሚወርድ ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ለዘመናት እዚህ ሰኞ ሰኞ ሲገናኝ ኖሯል። ግመል፣ ጨው፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ የቻይና ጫማ።

አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቷል። ብር ማዕድኑም ነው፣ ገንዘቡም ነው። በብር ብር ልንገዛ መጣን። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ገንዘባችን ራሱ ማዕድኑ ነበር። ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ደረቷ የሞላ ምስል አለበት። 28 ግራም ይመዝናል፤ 83 ከመቶው ብር፣ የቀረው መዳብ። አገራችን ውስጥ የጆሮ ጌጡ፣ የአንገት መስቀሉ፣ አምባሩ ብዙው የተሠራው ይህችን ሴት በማቅለጥ ነው።

አንድ ጥግ ላይ ጌጣጌጥ የዘረጉ አዛውንት አገኘን። አራት ማርትሬዛ አላቸው። ዋጋ ስጠይቅ መጀመሪያ አንገቴ ላይ ያለውን ካሜራ አዩ። ከዚያ የነገሩኝን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። ሙሽራው በክርኑ ጎሰመኝ። "ደብቀው አላልኩህም?"

ሰውየው ግን ደግ ናቸው። አንዱን ሳንቲም ድንጋይ ላይ ጣሉት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን ጣሉት፤ ድፍን ያለ ድምፅ። "ይሄ ውሸት ነው" አሉ ራሳቸው። የራሳቸውን ዕቃ! "ታዲያ ለምን ይሸጡታል?" ስላቸው "ለማያውቅ" አሉኝ። እኛ አሁን ስላወቅን ሊሸጡልን አልፈለጉም።

ባዶ እጃችንን ኮምቦልቻ ተመለስን። ማታ ሙሽራው ለእናቱ ደወለ። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል። "ባቲ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ብር ፍለጋ መሆኑን መች ነገራችሁኝ? ካባታችሁ ጋር ብቻ ትመክራላችሁ!"

እሷ ጋ አለ ለካ። አንድ ብቻ። የአያታችን መህር፣ የኒካህ ጥሎሿ።

ማክሰኞ

በማለዳ ሚኒባስ የሙሽራው ታናሽ ወንድም ደረሰ። ከሸሚዙ ኪስ የታሰረ መሀረብ አወጣ። ቋጠሮው ሲፈታ ሴትዮዋ ጠቁራ ብቅ አለች።

ባሏ ለአያቴ የሰጣት መህር አሥር ማርትሬዛ ነበር። አንዱ ለሐኪም፣ አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለልጅ ጌጥ እያለ ወጣ። የመጨረሻው ለአክስቴ ደረሰ። በጦርነቱ ጊዜ የት ነበር? መቀነቷ ውስጥ። ወርቁን በርበሬ ውስጥ ቀበረች፤ ይህን ግን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች።

የኮምቦልቻው አንጥረኛ ቤት አንድ በርና አንድ መስኮት ነው። ሰውየው ሳንቲሙን በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ አደረጉት፤ 27.6 ግራም። "ሰው እጅ በልቶታል" አሉ። እኔ እያመነታሁ ነው። የአያቴን መህር ላቀልጥ? ያውም 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበት?

"አይዞህ" አሉኝ አንጥረኛው። "1780 ሴትዮዋ የሞተችበት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን በዚያው ቁጥር ታትሟል። ጣሊያን እንኳ ሊወረን ሲመጣ ሮም ላይ አትሞታል።" እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ማህተሙን ከቪየና ወስዶ ለኛው አገር ሥራ አሳትሞታል። እጃችን ላይ ያለው የየትኛው እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም።

ሙሽራው "ግማሹ ይበቃኛል" አለ። ሳንቲሙ ማሰሪያ ውስጥ ገባ፤ በቀጭን መጋዝ ንግሥቲቱ ከግንባሯ እስከ ደረቷ ተከፈለች። የመጋዙ ዱቄት ታች በተነጠፈ ወረቀት ላይ ተሰበሰበ፤ አንድ ፍሬ አልባከነም። ግማሿ ወደ መሀረቡ ተመለሰች። "ይቺ ያንተ ናት" አለው ወንድሙን። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ገና አሥራ ሰባቱ ነው።

ሌላው ግማሽ ከነዱቄቱ የሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ገባ። ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት፤ ቦራክስ ነው፣ ቆሻሻውን ይሰበስባል። የጋዝ እሳት ወረደበት። መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ድንገት ጠርዙ ተሸበሸበና ክብ እንቁላል ሆኖ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘይት በተቀባ የብረት ቦይ ውስጥ አፈሰሱት። ትንሽ ጭስ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ አለቀ። የአያቴ መህር የጣቴን ያህል ዘንግ ሆነ።

ከዚያ መዶሻው። ሃያ ሠላሳ ምት፣ እንደገና እሳት፣ እንደገና መዶሻ። "ሳታሞቀው ከመታኸው ይሰነጠቃል። እልኸኛ ነው፤ መዳቡ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ንጹሕ ብር ቢሆን ይለሰልስ ነበር፣ ግን በወሩ ጣትህ ላይ ይጣመም ነበር።" ልኩ በክር ተለካ። ዘንጉ ተቆረጠ፣ ተጠቀለለ፣ ጫፍና ጫፉ በብር ተበየደ። በብረት ዘንግ ላይ ተሰክቶ በእንጨት መዶሻ ክብ ሆነ። ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ጥቁሩ እንዲለቅ አሲድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ።

"ምን ልጻፍበት?" አሉ።

እንግሊዞች ድሮ ቀለበታቸው ውስጥ አጭር ግጥም ያስቀርጹ ነበር፤ ከውጭ የማይታይ፣ ቆዳን ብቻ የሚነካ። ይህን ስነግረው ሙሽራው አሰበ። ግጥም አልፈለገም። የሙሽሪትን ስም የመጀመሪያ ፊደል በውስጥ በኩል አስመታ። በቃ። ሚዛኑ ላይ 8 ግራም ተኩል። አንጥረኛው ከመስጠታቸው በፊት ድንጋዩ ላይ ጣሉት። እንደ ባቲው ጮኸ።

የእጃቸውን ከፍለን በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣን። ሀረጎ ላይ ጉም ነበር። ሙሽራው መንገዱን ሁሉ ኪሱን ሲዳስስ ነበር።

ረቡዕ

ኒካሁ ውስጥ ቀለበት ቦታ የለውም። የሙሽሪት ወሊይ (ኃላፊዋ)፣ ምስክሮቹ፣ መህሩ፣ "ሰጠሁ" "ተቀበልኩ"፣ ዱዓ። ለቀለበት ብለን ሳምንቱን ሙሉ ስንዞር ዋናው ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቀለበቱን በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው አደረጉ። እኔ በር ላይ ቆሜ አነሳሁ፤ የሷ ቢጫ፣ የሱ ነጭ። ከአሥር ዓመት ሥራዬ የምወደው ፎቶ ይኸው ነው።

ማታ እንግዳው ሲሳሳ ሙሽራው ቀዩን ሣጥን ይዞ እናቱ ያለችበት ማድ ቤት ገባ። ሣጥኑ ውስጥ ያ የኔ ስህተት ብቻውን ቀርቷል።

"እመየ፣ እስቲ እጅሽን።"

የወንድ ልክ ነው፤ የቀለበት ጣቷ ላይ ይሽከረከራል። መሃል ጣቷ ላይ ልክ ሆነ። አክስቴ እጇን ወደ አምፖሉ አንስታ ገለባበጠችው። ከዚያ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

"ይሄንንስ በርበሬ ውስጥ አልከተውም" አለች።